የልጄን ወተት የጠጣሁባቸው ወራት

ወልድያ ባትሪ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ መፍቻ ሳልይዝ ግማሽ ሊትር ወተት ተሰጠኝ። "ግጥም አድርገህ ጠጣ፣ ሰይድ" አሉኝ አሠሪዬ ጋሽ አበራ። "እርሳስ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ወተት ጠርጎ ያወጣዋል።" በነጻ ወተት የሚያጠጣ ሥራ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ሞኝ!

ሥራው ይሄ ነው። የሞተ የመኪና ባትሪ ይመጣል። አሲዱን ትደፋለህ፣ ክዳኑን ትከፍታለህ፣ ውስጡ ያሉትን የእርሳስ ሰሌዳዎች ታወጣለህ፤ እኛ ፕሌት እንላቸዋለን። የተበላውን ትጥላለህ፣ ደህናውን በሽቦ ብሩሽ ትፍቃለህ። ከዚያ እርሳስ አቅልጠህ ታያይዛለህ፣ አሲድ ሞልተህ ቻርጅ ላይ ታደርገዋለህ። ስትፍቅ ግራጫ አቧራ ይነሳል። አያቃጥል፣ አያስነጥስ። ማን ይፈራዋል?

የምንፈራው አሲዱን ነበር። አሲድ ሱሪ ይበሳል፣ ቆዳ ይልጣል። አቧራውን ግን ለብሰነው እንውላለን። ሥራ ስጨርስ ቱታዬን እንደለበስኩ የመርሳ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ቤቴ እሄዳለሁ። ባለቤቴ ለይላ በር ላይ ታራግፈውና ከቀረው ልብስ ጋር ትዘፈዝፈዋለች።

አንድ ቀን "ጋሼ፣ ሆዴን ይቆርጠኛል" አልኳቸው።

"ወተቱን አጉድለህ ነዋ!" ብለው ተቆጡኝ።

ከዚያ ወዲያ አላጎደልኩም። ዋና ሠራተኛ ከሆንኩ በኋላ ደግሞ እኔ ራሴ አዲስ ለሚቀጠሩት ወተት አጠጣ ነበር።

ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ ባትሪ ቤቱ ተዘጋ። መርሳ ቤቴ ገባሁ፤ እዚያም ደረሰብን። መብራት ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ። ጣራው ላይ ትንሽ ሶላር ያለው ሰው ሁሉ የቸገረው ባትሪ ነው። ከግራና ከተማ ሳይቀር በአህያ ጭነው መጡ። "በአላህ፣ ሰይድ፣ ነገሩ የት እንደደረሰ በሬዲዮ እንኳ እንስማ" ይሉኛል። እንዴት እምቢ ይባላል? "አብሽሩ" እልና እቀበላለሁ። እንደ ትልቅ ሰው መፈለጌም ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም።

ግቢዬ ውስጥ ፕሌት ፋቅሁ፣ በከሰል እርሳስ አቀለጥኩ። ልጄ ሐያት ያኔ ዳዴ ትላለች። በአቧራው ላይ እየዳኸች መጥታ እግሬን ትይዛለች፣ ከዚያ ጣቷን ትጠባለች። እኔ አሲዱን ብቻ ከፍ አድርጌ አስቀምጥ ነበር።

በዚያ ላይ ወተት ጠፋ። ከጎረቤት ላም በቀን አንድ ኩባያ ብትገኝ ነው። ለይላ ያችኑ ለእኔ ትሰጠኛለች።

"ለልጅቷ ስጫት እንጂ!"

"ለእሷ አጥሚቱ ይበቃታል። መርዝ የምትነካው አንተ ነህ። አንተ ከወደቅህ ማን አለን?"

ወላሂ፣ አንድም ቀን ኩባያውን አልመለስኩላትም። ሐያት ኩባያውን እያየች ስታለቅስ ፊቴን አዙሬ እጠጣለሁ።

መንገድ ሲከፈት ልጅቷ ከስታ ነበር። ሆዷን ይዛ ትጮሃለች፤ የጀመረቻቸውን ሁለት ሦስት ቃላትም ተወች። ወልድያ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት።

"ሥራዎ ምንድን ነው?" አለኝ ሐኪሙ።

"ባትሪ እጠግናለሁ። በጦርነቱ ጊዜ ቤቴ ነበር የምሠራው።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ደሟ ሳይመረመር እርግጠኛ አልሆንም። ግን የእርሳስ አቧራ ብዙ አይፈልግም። ትንሽ ትንሹ፣ በየቀኑ ሲገባ፣ ከአዋቂ ይልቅ ልጅን ይጎዳል።"

"ወተትስ?"

"ወተት እርሳስ ጠርጎ አያወጣም።"

ለይላ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ደሟ አዲስ አበባ ተልኮ ታየ፤ እርሳስ ነበረበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ለጋሽ አበራ ነገርኳቸው። "እኔንም አሠሪዬ ናቸው ያጠጡኝ፣ ልጄ" አሉኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እርጅና ነው እንል ነበር። አልተቆጣኋቸውም። ማንን ልቆጣ?

ሐያት ዛሬ ትሮጣለች፣ ትስቃለች። እኩዮቿ ፊደል ሲቆጥሩ ግን እሷ ሀን ከለ አትለይም። ለይላ "ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው" ትለኛለች፣ ልታጽናናኝ። እኔ እንደዚያ ማለት ያቅተኛል፤ ያንን አቧራ ግቢዬ ያስገባሁት በእጄ ነው።

ባትሪ ቤት ያላችሁ፣ ቱታችሁን እዚያው አውልቁ፤ በሳሙና ታጥባችሁ ቤት ግቡ። ልጅ ባለበት ግቢ ፕሌት አይፋቅም።