ሦስት ዙር በአጥሩ

ከመድኃኒት ቤት ስወጣ እግሬ አብጦ ጫማዬ አይበቃኝም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምሸጠው። ቤት ደርሼ አረፍ ልበል ስል ውሻው በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ሰዓት እጠላው ነበር።

ውሻው የአባቴ ነው። አባቴ ገጠር፣ ቸሃ ውስጥ ሲሞት እናቴን ወልቂጤ ወደምከራየው ቤት አመጣኋት። እሷም ውሻውን ትቼ አልሄድም ብላ ድርቅ አለች። አገር ቤት ውሻ ማናፈስ የሚባል ነገር የለም፤ ውሻው ራሱ ጃርት እንሰቱን እንዳይጨርሰው ሲሮጥ ያድራል። ከተማ ሲገባ ግን ታሰረ። ታስሮም ማላዘን ጀመረ።

የእንስሳት ሐኪሙ ክትባቱን ከወጋው በኋላ፣ "በየቀኑ ግማሽ ሰዓት አንቀሳቅሺው። በጠራራ ፀሐይ ግን አይሁን፤ ገመዱንም አሳጥረሽ ያዢ፣ ባጃጅ እንዳይገጭብሽ" አለኝ። የተባልኩትን አደረግሁ። አመሻሽ ላይ ገመዱን እጄ ላይ ጠምጥሜ፣ አስፋልቱን ይዤ እስከ መናኸሪያው እሄዳለሁ፤ እመለሳለሁ። እሱ ግን ቀጥ ብሎ መሄድ አያውቅም። ቅያስ ባገኘ ቁጥር ወደ ግራ ካልታጠፍኩ ይላል። እኔ እጎትታለሁ፣ እሱም ይጎትተኛል። የባጃጅ ሾፌሮቹ፣ "እህት፣ ማን ነው ማንን የሚያናፍሰው?" እያሉ ይስቁብኛል።

ይሄ ሁሉ ሆኖ፣ ቤት እንደገባን ያላዝናል።

አከራያችን ደግ ሐጂ ናቸው። መጀመሪያ፣ "ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ያንቺው ግን ጆሮዬን በላው" ብለው ሳቁ። በሳምንቱ ሳይስቁ መጡ።

"ልጄ፣ ወላሂ ጨክኜ አይደለም። ለአረፋ ልጆቼ ከነቤተሰባቸው ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። እስከዚያ ወይ ዝም ይበል፣ ወይ ይሂድ።"

እናቴ ይህን ሰምታ ያን ቀን እራት አልበላችም። ከአባቴ የቀራት እሱ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ምን ላድርግ? የአጎቴ ልጅ መጥቶ እንዲወስደው ተነጋገርን።

አረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው ከሥራ ገብቼ፣ "እማዬ፣ ዛሬስ አልችልም" አልኳት። ጫማዬን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። የቀሰቀሰኝ ዝምታው ነው። ማላዘኑ የለም። የአጎቴ ልጅ ቀድሞ መጥቶ ወሰደው ብዬ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ከቤተ ክርስቲያን በቀር ከበር ወጥታ የማታውቀው እናቴ፣ ገመዱን ይዛ ከውጭ በኩል የግቢውን የቆርቆሮ አጥር ትዞራለች። ወደ ግራ። ውሻው ሳይጎትት ከጎኗ ይሄዳል። "ሦስተኛ ዙራችን ነው፤ ጨርሰናል" አለችኝ። ገባ፣ ውሃውን ጠጣ፣ ደጃፉ ላይ ተጋደመ። ትንፍሽ አላለም።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አባቴ በየምሽቱ ከዚህ ውሻ ጋር የእንሰቱን አጥር ወደ ግራ ሦስት ጊዜ ዞሮ ሳያይ እራት አይቀምስም ነበር። ውሻው አራት ወር ሙሉ ሲያላዝን የከረመው ሥራው ሳያልቅ ቤት እያስገባሁት ነው።

"ታውቂ ነበር?" አልኳት።

"አዎ።"

"እንዲህ ስደክም እያየሽ?"

ገመዱን ጠቀለለች። "በዚያ ሰዓት በአጥር ዙሪያ ከአባትሽ በቀር የሌላ ሰው ኮቴ መስማት አልቻልኩም" አለች። "ያንቺንም ቢሆን።"

ተናደድኩ። ወዲያው ደግሞ በመናደዴ አፈርኩ።

ውሻው እኛው ጋ ቀረ። እኛ ክርስቲያኖች የእስላም ሥጋ እንደማንበላ ሐጂ ያውቃሉ፤ ለአረፋ ለውሻው አጥንት ላኩለት። እናቴ ቀስ ብላ ስለምትሄድ ሦስቱ ዙር ግማሽ ሰዓት ይሞላል፤ ሐኪሙም አልተሳሳተም። እኔ እግሬን ለብ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ነክሬ ከቆርቆሮው ማዶ ኮቴዋን አዳምጣለሁ። አባቴን ከቀበርን ጀምሮ ድካም በድካም ላይ ስለሆነብኝ በቅጡ አላለቀስኩትም ነበር። እንዲህ በተቀመጥኩበት የመጀመሪያ ምሽት ዙሩን እቆጥር ነበር። ሦስት ስል አለቀስኩት።