ረሂማ የሣለችው ክር

የጥጥ ብናኝና የማሽን ዘይት ሽታ ካንድ ቦታ ሲመጣብኝ ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ። ረሂማ ወደ ክፍል ስትገባ ቀድሟት የሚገባው ይህ ሽታ ነበር።

ጊዜው ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ነው። ረሂማ ኮምቦልቻ ካለ አንድ ፋብሪካ ክር ስታጠነጥን ትውልና የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት በሚኒባስ ወጥታ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደሴ ለማታው ትምህርት ትደርሳለች። ነርስ መሆን ነበር ሐሳቧ። እኔ የባዮሎጂ መምህሯ ነበርኩ።

አንድ ቀን ዲኤንኤን፣ በየሕዋሳችን ውስጥ ያለውን ያን ረጅም የዘር ክር፣ አስተምር ነበር። እኔ በተማርኩበት፣ ጀርባው በጨርቅ በተለጠፈው መጽሐፍ ላይ ዲኤንኤ እንደ ተጠማዘዘ መሰላል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ያን ሥዕል ስለምወደው በጠመኔ አሳምሬ ሣልኩት። ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ እንደሚጠቀለል ግን ባንድ ዐረፍተ ነገር ነክቼ አለፍኩ።

ረሂማ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሲጠቀለል ቅርጹ አይለወጥም?»

«ምኑ ይለወጣል? ያው ራሱ ነው።»

«ኧረ ወላሂ ይለወጣል! እኛ ስናጠነጥን የክሩ የውስጥ ጎን ይጨመቃል፣ የውጩ ይለጠጣል። መጠምዘዙም እንደ ነበረ አይቀርም።»

«አንቺ፣ ይሄ የእግዜር ሥራ ነው፤ የፋብሪካችሁ ማግ መሰለሽ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «ዲኤንኤ በኪሎ ስንት ገባ ረሂማ?» ብሎ ጨመረበት። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ የዲኤንኤውን ክር በኳስ ላይ አጉብጣ፣ ውስጡን ጠበብ ውጩን ሰፋ አድርጋ ሣለችው። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት። በሁለት ነጥብ ወደቀች። መምህራን ክፍል ድረስ መጥታ «ይቺን ብቻ እንደገና ይዩልኝ» ስትለኝ፣ ወረቀቱን እንኳ ሳልቀበላት «መጽሐፉን አንብቢ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልመጣችም።

ከዓመታት በኋላ ፕላዝማ ገባልን። ቴሌቪዥኑ ያስተምራል፣ እኔ ጥግ እቆማለሁ። አንድ ጠዋት ያ ረሂማ የሣለችው ሥዕል መጣ። ዲኤንኤው ስምንት ፕሮቲኖች ገጥመው በሠሩት እንክብል ላይ ሁለት ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተጠቅልሏል፤ ጎብጧል፣ በውስጥ በኩል ጠቧል፣ የመጠምዘዙ ልክ ሳይቀር ትንሽ ተለውጧል። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

በዚያው ሳምንት ኮምቦልቻ ወረድኩ። ረሂማ እዚያው ፋብሪካ የፈረቃ መሪ ሆናለች። የሠራተኞች ሻይ ክፍል አስገብታ ሻይ አዘዘችልኝ። ከወዲያ ጥግ የምታሠለጥናቸው ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል።

«ረሂማ» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ያኔ ልክ አንቺ ነበርሽ። ሥዕሉም ልክ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ጣቷ ላይ ተጠምጥሞ የቀረ ክር ቀስ ብላ ፈታች።

«የተሳቀብኝ በአርባ ሰው ፊት ነው፤ ይቅርታው በሹክሹክታ ሆነ?» ወደ ልጆቹ ዞረች። «ኩኩ! ሳፊያ! ኑማ፣ መምህሬ የሚነግሯችሁ አላቸው።»

መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ረሂማ... ጎበዝ ተማሪ ነበረች» አልኩ።

«ታዲያ ትምህርቱን ለምን ተወችው?» አለች ኩኩ።

«እ... ሥራ በዝቶባት ይሆናል።»

ረሂማ ለአፍታ አየችኝ። ሻሿን አጥብቃ አሰረች፣ ያልጨረሰችውን ሻይ ገፋ አድርጋ ተነሣች። በሩን ስትከፍተው የማሽኑ ጩኸትና ያ ሽታ ገቡ። ሳትሰናበተኝ ወጣች።