ተነስቶ የሚጠፋው የኦርቪል ፒካፕ

ኦርቪል ትቬይት ዕድሜውን ሙሉ ከከተማችን ራቅ ባለ እርሻ ላይ ስንዴና ሱፍ ሲዘራ የኖረ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። ዕቃ አይዋስም፣ ሰው አያስቸግርም፣ የዋለውን ውለታም አያወራም። በሰሜን ዳኮታ ብዙው ሰው እንደዚያ ነው፤ እሱ ግን ያበዛዋል። በመከር ማብቂያ ላይ ዳሌው ተሰብሮ በረት ደጃፍ ላይ ወድቆ ሲገኝ፣ ሊያነሱት ለመጡት ሰዎች ያላቸው «ሥራ አስፈታኋችሁ» ነበር።

የበረዶውን ወራት ፋርጎ ከልጁ ከካሪ ዘንድ አሳለፈ። በረዶው ሲቀልጥ ወደ እርሻው ተመለሰ፤ ሐኪሙ ግን እንደገና የመንዳት ፈተና እንዲወስድ አዝዞ ነበር። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ያን ያህል ርቆ ብቻውን ሊኖር አይችልም። ከካሪ ጋር የተስማሙትም በዚሁ ነው፤ ካለፈ እርሻው ላይ ይቆያል፣ ካላለፈ እርሻውን ትቶ ፋርጎ ያዘጋጀችለት ክፍል ይገባል። ፈታኟ ወደ ከተማችን የምትመጣው በወር አንዴ ሲሆን የዚህ ወር ቀኗ ነገ ነበር። ፒካፑ ደግሞ ይነሳና ወዲያው ይጠፋል።

አዲስ ቤንዚን ቀዳበት። ባትሪ ቀየረለት። ሌላ የሚሞክረው ሲያጣ አርሊስ ባከንን ጠራ። አርሊስ ሙያ ትምህርት ቤት ተምራ፣ ትራክተር ጥገና ላይ ዓመታት ሠርታ፣ አሁን መሣሪያዋን መኪናዋ ላይ ጭና ከእርሻ እርሻ እየዞረች የምትጠግን ሴት ናት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያደርገው?» አለችው ኮፈኑን ከፍታ።

«ብዙም አልቆየም።»

«ትላንት ነው? ከትላንት ወዲያ?»

«ከመጣሁ ጀምሮ።»

«ከመጡማ ሰነበቱ እኮ!»

«ላስቸግርሽ አልፈለግሁም።»

«ዛሬ ምሳዬን አስጥለው ከሚጠሩኝ ያኔ ቢያስቸግሩኝ ይሻለኝ ነበር። በሉ ያስነሱት።»

ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ፣ ጥቂት ጮኸ፣ ከዚያ ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ጠፋ። ነዳጅ ቢረግጥበትም ያው ነው፤ እንዲያውም ፈጥኖ ጠፋ።

አርሊስ የቤንዚኑን ግፊት ለካች፤ ሞተሩ ሲጠፋም መለኪያው አልወረደም። ፓምፑ ደህና ነው ማለት ነው። ካንዴላ ፈትታ እሳቱን አየች፤ ደህና ነው። የአየር ፊልትሮውን ሣጥን ከፈተች፤ ፊልትሮው ንጹሕ ስለሆነ መልሳ ገጠመችው።

«ለአይጥ የተወተፈውን አውጥተዋል?»

በእኛ ዘንድ በበረዶው ወራት የሚቆም መኪና አይጥ ጎጆ እንዳይሠራበት ቀዳዳው ድስት በሚፈገፈግበት ሽቦ ይወተፋል። የወተፈው ሰው እንዳይረሳ ምልክት ያንጠለጥልበታል።

«አውጥቻለሁ» አለ ኦርቪል። «ከኋላ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ላይ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። ዳሌዬ ሲሰበር መኪናውን እዚህ መጋዘን ያስገባልኝ ጎረቤታችን ክሊፎርድ ስለሆነ የወተፈውም እሱ ነው።»

«አመሰገኑት?»

«እሱ ሳያወራ እኔ ምን ብዬ ላንሳው?»

አርሊስ መልሱን ተቀብላ አለፈች፤ ጊዜ ያጠፋችውም እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹን መጋጠሚያ አንድ በአንድ እየነቀለች ጠርጋ መለሰች። ምንም ለውጥ የለም። ፀሐይዋ ወደ መጋዘኑ በር ዘቅዝቃለች።

«በቃ ነገ የእኔን መኪና ይውሰዱና ይፈተኑበት» አለችው።

«ያንቺ በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን አለው፤ የእኔ የለውም። በዚህ እግሬ ከረገጥኩት ፈታኟን ይዤ ቦይ ውስጥ ነው የምገባው።»

«ሰው ያወራብኛል ብለው ነው እንጂ ቢገቡ ግድ የለዎትም።»

ኦርቪል ፈገግ አለ። አርሊስ የፊልትሮውን ሣጥን አሻግራ አየችና ክዳኑን አንስታ፣ ሳትገጥመው «ያስነሱት» አለች።

ተነሳ። አልጠፋም። ክዳኑን ስትጭንበት እየሰለለ ጠፋ። ስታነሳው እንደገና ሠራ።

«አየር አጥቶ ነው» አለች። «ፊልትሮው ደህና ነው፤ የታፈነው ከሱ ወዲያ ነው።»

አየር የሚስበው ቱቦ ሄዶ የሚያልቀው ከፊት መብራቱ ጀርባ ነው፤ ከውጭ አይታይም። መብራቱን ፈትታ እጇን አስገባችና ጡጫ የሚያህል የሽቦ ውታፍ ጎትታ አወጣች። በቃጫ ገመድ ታስሮ፣ የገመዱ ጫፍ መብራቱ ከሚታሰርበት ብረት ላይ በደንብ ተቋጥሯል። ምልክቱ ይህ ነበር፤ ግን መብራቱን ካልፈቱ አይታይም።

ሁለቱም ገመዱን አዩት። አሁን ሁሉም ድርቆሽ የሚያስረው በፕላስቲክ ነው። በቃጫ የሚያስረው ሌላው ጎረቤቱ ኤልሮይ ሃውጌ ብቻ ነው። ኤልሮይና ኦርቪል ደግሞ በውሃ ቦይ ከተጣሉ ጀምሮ አይነጋገሩም።

«ኤልሮይ እዚህ ገብቶ ምን ይሠራል?» አለች አርሊስ።

«አይጥ ይከላከላል።»

«ታዲያ አይነግርዎትም?»

«በምን አፉ? ተኳርፈናል እኮ።»

«ክሊፎርድ ከኋላ፣ ኤልሮይ ከፊት። ሁለቱም አንዱ የሌላውን አያውቅም። ከሦስታችሁ አንዳችሁ እንኳ አፍ ቢኖራችሁ እኔ ምሳዬን እበላ ነበር።»

ኦርቪል ገመዱን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። «ቤት እንቁላልና ድንች አለ» አላት።

በማግስቱ ጠዋት ፒካፑ አንዴም ሳይጠፋ ከተማ ደረሰ። ፈታኟ ከቢስማርክ የመጣች፣ ብዙ የማታወራ ሴት ነበረች። ማቆምም መዞርም አልቸገረውም። ከከተማው ወጣ እንዳሉ የኤልሮይ ትራክተር መዝሪያውን እየጎተተ ከፊት መጣ። ኦርቪል ከመሪው ላይ አመልካች ጣቱን አነሳ። እዚህ ሰው መንገድ ላይ ሰላም የሚባባለው እንዲህ ነው፤ ኤልሮይን ግን ከጠቡ ወዲህ እንዲህ ብሎት አያውቅም። ኤልሮይ አፍጥጦ አየው፤ ሊያልፉ ጥቂት ሲቀራቸው እሱም ጣቱን አነሳ።

«ሁለቱም እጅዎ መሪ ላይ ይሁን» አለች ፈታኟ።

«ያነሳሁት ጣት ነው።»

«ጣትም እጅ ነው» አለችና ነጥብ ቀነሰች። ፈቃዱን ግን ሰጠችው።

ማታ ካሪ ደወለች። ማለፉንና ነጥብ እንደተቀነሰበት ሲነግራት በምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ኤልሮይን ሰላም ብዬ።»

 «እንግዲያው ያዘጋጀሁት ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዬን ላስገባ» አለች ካሪ።