ቲማቲም እንዳይበሰብስ

ናካሴሮ ገበያ ቲማቲም እንዳይበሰብስ የሚያስተምር ባለሙያ ከአውሮፓ መጣልን። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ እኔ ነበርኩ። ቸርቻሪዎቹን ከየመደባቸው ለቃቅሜ ሆቴል አስገባኋቸው፤ አምስት ቀን ሙሉ የቲማቲም ፎቶ ሲያዩ ዋሉ። አንዲት ጠና ያሉ ነጋዴ በየዕረፍቱ፣ «ልጄ፣ ቲማቲሜን ማን ያይልኛል?» ይሉኛል። «ይታገሱ ማማ፣ ለእርስዎው ጥቅም ነው» እላለሁ፣ አፌን ሞልቼ።

ስንመለስ ቲማቲሙ ላሽቆ፣ ዝንብ ወሮት ጠበቀን። ባለሙያው ፎቶ አነሳና፣ «ችግሩ ከገመትነው በላይ የከፋ ነው» ብሎ ሪፖርት ጻፈ። ፕሮጀክቱ ተራዘመ፤ የእኔም ውል አብሮ ታደሰ። ማኪንድዬ ሰፈር ሰፋ ያለ ቤት ተከራየሁ።

ለሁለተኛው ሥልጠና ማማን ልጠራ ስሄድ፣ መደባቸው ላይ ሌላ ሴት ቲማቲም ስትደረድር አገኘሁ። እሷን መዘገብኳት።