ከአስፋልቱ ወዲያ የምህረት ተራ ነበር

ጎማ ሲተነፍስ የሚያወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሀዋሳ ፒያሳ የምሠራበት ሱቅ አጠገብ አንድ ጎሚስታ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ በቡድን ሳይክል የሚነዱ ወጣቶች እሱ ጋ ይሰበሰባሉ። ያ "ፍስስ" ሲል እጄ ላይ ያለውን ትቼ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

ያኔ የምንኖረው ከሀዋሳ ወጣ ብሎ፣ ቡሹሎ ነበር። ትምህርት ቤት የተዘጋ ሰሞን ስምንት የሰፈር ልጆች ሆነን በሳይክል ሀዋሳ ልንገባ ተማከርን። አንዱ የወንድሙን፣ ሌላው የጎረቤቱን ለመነ። ለእኔና ለአክስቴ ልጅ ለምህረት የደረሰን አንድ ብቻ ነበር፤ የአባቴ ሳይክል። አባዬ ተራ በተራ ንዱ፣ ከተጣላችሁ ሁለታችሁም በእግራችሁ ብሎ ሰጠን። እስከ አስፋልቱ አንዳችን፣ ከአስፋልቱ ወዲያ ሌላችን ልንነዳ ተስማማን። ምህረት ምረጪ አለችኝ። መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ የመጀመሪያውን አልኩ።

የመጀመሪያው አቧራ ነበር። ምህረትን ከኋላ ጭኜ፣ ከፊት የሚሄዱት የሚያስነሱትን አቧራ እየዋጥኩ ነዳሁ። ካቴናው ሁለቴ ወለቀ። ጣቶቼ በግራሶ እስኪጠቁሩ ስታገል አንድም ልጅ ዞር ብሎ አላየኝም። ሳይክሉን ደግፋ የያዘችልኝ ምህረት ብቻ ነበረች፤ እሷን ግን አልቆጠርኳትም።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ዛፍ ሥር አረፍን። ልጆቹ ሸንኮራ ሲግጡ ምህረት ፊቷን ታጠበች፣ ፀጉሯን አስያዘች። ወዲያው አማረባት። እኔ ዱቄት የተነፋብኝ መስያለሁ። ታምራት የሚባለው ትልቃችን፣ ምህረት ከፊት ከእሱ ጋር እንድትነዳ ወሰነ። በቃ፣ ታየኝ። የከተማው መንገድ ዳር ባሉት ዘንባባዎች ሥር፣ ሰው እያያት፣ እሷ እየነዳች ልትገባ፤ እኔ ላቤን ጨርሼ እንደ ጆንያ ከኋላዋ ልጫን። ውስጤ ተቃጠለ። ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩና የኋላውን ጎማ አስተነፈስኩት።

ብዙ ሳንሄድ ጎማው ተኛ። ምህረት ወርዳ መግፋት ጀመረች። እኔም ወርጄ ሳይታወቅብኝ ልስቅ ስል ታምራት ከሳይክሉ ወረደ። ቀጥሎ ሌላው ወረደ። ሁሉም ወረዱ! መንገዱን ሞልተን፣ እሷን መሀል አድርገን፣ እየገፋን እየተሳሳቅን ፒያሳ ገባን። ብትነዳ ኖሮ ያን ያህል አታምርም ነበር። እኔ ካቴና ስታገል የት ነበሩ?

እዚያ ያገኘነው ጎሚስታ ጎማውን ውኃ ውስጥ እያዞረ አየውና፣ "ቀዳዳ የለውም እኮ። ሰው ነው ያስተነፈሰው" አለ።

ምህረት አየችኝ። ለአፍታ ብቻ።

"ሕፃናት ይሆናሉ ጋሼ፣ መንገድ ላይ ነበሩ" አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ስንመለስ አስፋልቱን አንቺ ንጂ።"

በጥሩነትም በለጠችኝ። ከዚህ የባሰ የሚያናድድ ነገር አላውቅም። ነዳሁ፤ ግን ዘንባባውንም ሰውንም አላየሁም። እናቷ፣ አክስቴ፣ "ምቀኛ አታሳጣኝ" ማለት ትወድ ነበር። እግዜር ለልጇ እኔን እንዳላሳጣት አታውቅም።

ዛሬ ማርሽ ያለው የራሴ ሳይክል አለኝ። ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ ፒያሳ ድረስ በየቀኑ እነዳለሁ፤ ተራ የሚጠይቀኝ የለም። ያን ሁሉ የተቃጠልኩለት መግባት አሁን ሥራ መግቢያ ሆኗል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሱቁ ፊት የአንዲቷ ልጅ ጎማ ተነፈሰ። ጓደኞቿ እየቀለዱባት አንድ በአንድ ወረዱላት። ቆሜ አየሁና ቀናሁ፤ በሳይክሎቹ ግን አይደለም። የኔ ጎማ ቢተነፍስ የምትወርድልኝ አንዲት ሰው ነበረች። እሷም ዲላ አግብታ ሄዳለች።