«ዝቅ ያለች ናት፣ ይዩልኝ» ያልኩ ዕለት

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። የጠዋት ሽያጭ፦ ሠላሳ ሁለት ቆርቆሮ፣ አሥር ከረጢት ጄሶ፣ ሁለት ካርቶን ሚስማር። አንድ በር ልኩ አልሆነም ተብሎ ተመልሷል።

እስከ ምሳ ድረስ ያለው ይሄ ነው። ከምሳ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ ግን ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ተቀምጫለሁ...

ቡራዩ ላይ የግንባታ ዕቃ መነገድ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የገዛሁት መኪና በሙሉ የሚጭን ነው። ባለፈው ወር ግን ምንም የማትጭን ገዛሁ። ቀይ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ኋላዋ ቁርጥ ያለ፣ ማርሿ በእጅ። ከሩቅ ላያት ቪትዝ ትመስላለች። ግን ፋብሪካው ለፍጥነት ብሎ በጥቂት ቁጥር ብቻ የሠራት ናት። ስንተኛዋ እንደሆነች የተቀረጸበት ትንሽ ብረት ማርሹ አጠገብ ተለጥፏል። መታጠፊያ ላይ መሬቱን ነክሳ ነው የምትዞረው። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ እሷን የመሰለች ሌላ ትመጣለች ብሎ መጠበቅ የለም።

የሸጡልኝ አቶ ይልማ የሚባሉ፣ ሱሉልታ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የመንገድ መሐንዲስ ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ሐኪም መንዳት ስለከለከላቸው ነው። ከእኔ በፊት የመጣውን ጎረምሳ «ጭስ ማውጫዋን ቀይሬ አስጮሃታለሁ» ስላለ ብቻ መልሰውታል። እኔንም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«እንዳለች ትይዣታለሽ?»

«እንዳለች እይዛታለሁ» አልኩ። እኔ ደግሞ በቃሌ ነው የምነግደው።

ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ተቀጣጥረናል። ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ያለውን ጠመዝማዛ አጠገቤ ተቀምጠው ሊወርዱት። «የዓይኔ ብርሃን ጨርሶ ሳይጠፋ አንዴ ልውረደው» ነው ያሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ፍሬኗ ሲጮህብኝ ገፈርሳ መንገድ ላይ ላሉት ኦቦ ጉተማ ወሰድኳት። ኦቦ ጉተማ የጭነት መኪኖቼን አሥራ አምስት ዓመት የጠገኑ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ቁልፉን ሰጥቼ፣ «ፍሬኑ ይጮኻል። ደግሞ ዝቅ ያለች ናት፣ ይዩልኝ» ብዬ ወደ ሱቄ ሮጥኩ።

ከምሳ በኋላ ስመለስ የሌላ ሰው መኪና መሰለችኝ። በጎማዋና በገላዋ መካከል ብሎኬት የሚያስገባ ክፍተት አለ።

«ኦቦ ጉተማ... ምን ሆና ነው?»

«ዝቅ ያለች ናት፣ ይዩልኝ አላልሽም፣ ስንዱ? አየኋት» አሉ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ሞላዋ አጭር ነበር። ከቆመ ታክሲ ያወጣሁትን ረጅም ሞላ ገጠምኩልሽ። የእጅ ዋጋ አልቀበልሽም፣ የእኔ ስጦታ ነው።»

«እኔ እኮ እንዳትጫር ይጠንቀቁ ማለቴ ነው።»

«ከፍ ካለች በምን ትጫራለች?»

ሚኒባሱን የሚያሠራ አንድ ሹፌር ከጎን ሆኖ፣ «አሁን መኪና መሰለች። ድሮ እኮ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ነበር የምትመስለው» አለ። ሠራተኞቹ ሁሉ ሳቁ። የተበደልኩት እኔ፣ ውለታ ቢስ የምመስለውም እኔ።

ሰው በአንቱታ ሲቆጣ ምን ያህል እንደሚያንቅ የሞከረው ያውቃል። «እንዴት እንዲህ ያደርጋሉ?» ስል ቁጣው መንገድ ላይ ይቀርና ጥያቄ ሆኖ ይወጣል። ቁልፉን ተቀብዬ እስከ ገፈርሳ ግድብ መታጠፊያ ነዳኋት። ያቺ መሬት የምትነክስ መኪና ገለባ እንደጫነ አይሱዙ ወደ ጎን ተኛች። ቀስ ብዬ መለስኳት።

«የራሷን ሞላ ይመልሱልኝ።»

ኦቦ ጉተማ ጨርቁን አጣጠፉ። «ጠዋት ቆራሌው መጥቶ ነበር...»

«እና?»

«አጭር ሞላ ማን ይፈልገዋል ብዬ ከአሮጌው ብረት ጋር ሰጠሁት። ራኮ ሂንቀቡ፣ ስንዱ። ምን ችግር አለው? ይሄኛው ይሻላል።»

ፋብሪካ ቆጥሮ የሠራው ሞላ፣ ከተቀደደ በርሜልና ከዛገ ድስት ጋር በአንድ ጆንያ ሄደ። ምን እንደምል ሳስብ ስልኬ ጮኸ። አቶ ይልማ ናቸው። እጄ ቅባት ነክቶት ስለነበር በድምፅ ማጉያው ከፈትኩት።

«ልጄ፣ የቅዳሜ ቀጠሯችን እንዳለ ነው?»

«እንዳለ ነው፣ ጋሼ።»

«መነፅሬን አልይዝም። እሷን ለማወቅ ዓይን አያስፈልገኝም፤ ስቀመጥባት አውቃታለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ኦቦ ጉተማ የደወሉት ሰው ማን እንደሆኑ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ።

«ይሄን ለምን ጠዋት አልነገርሽኝም?»

«ይዩልኝ ብያለሁ እኮ።»

«ልጄ፣ አይሱዙሽን ስታመጪ ምንድነው የምትዪኝ?»

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ «ይዩልኝ» ብዬ አስገብቼ፣ ተሠርቶ ነው የምወስደው። ጋራዥ ውስጥ «ይዩልኝ» ማለት «ይሥሩልኝ» ማለት ነው። ቢሆንም አልበረደልኝም። ሰው የሰው ሞላ ሲጥል አንድ ስልክ አይደውልም?

ይህን ስጽፍ ኦቦ ጉተማ ደወሉ፤ ቆራሌውን ፈልገው አግኝተውታል። ቆራሌው ጆንያውን ለሰብሳቢ ሸጧል፤ ሰብሳቢው ከቀትር በፊት ሰበታ አራግፏል። የብረት ማቅለጫው መኪና ከዚያ የሚጭነው ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ሃያ ዓመት ስነግድ «ምን ማለትህ ነው?» ብዬ ሳልጠይቅ ያስረከብኩት ዕቃ የለም። የራሴን መኪና ግን በአንድ ቃል አስረክቤ ሄድኩ።

ነገ፦ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል፣ ሰበታ፣ ብረት መመዘኛው ጋ። አራት አጭር ሞላ፣ ጥቁር፣ ጫፋቸው ላይ ቢጫ ምልክት ያለባቸው። ኦቦ ጉተማ አብረውኝ ይሄዳሉ። በሚኒባስ።