ሰልፍ የወጣው የፍቅር ዘፈን

ባለፈው ሳምንት ከሽሮ ሜዳ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮው ያንን ዘፈን ለቀቀው። በሬጌ ነበር። ሾፌሩ መሪውን በጣቱ እየመታ ይወዛወዛል፤ እኔ ግን የነጠላዬን ጫፍ ጨምድጄ ይዣለሁ። ይህን ያህል ያረጀች ሴት በዘፈን ትደነግጣለች ወይ ትይኝ ይሆናል። እኔ እደነግጣለሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት ፈረንጅ ቤት ይሠራ የነበረ አጎታችን ካመጣው ሸክላ ነው። አራት አሜሪካውያን ወንዶች የሚዘፍኑት፣ ቀስ ያለ የፍቅር ዘፈን። አንዱ በዜማ ያለቅሳል፣ ሦስቱ ከኋላው «ዱ ዋ፣ ዱ ዋ» እያሉ ያባብሉታል። ወንድሜና ሦስት ጓደኞቹ እሱን ለመለማመድ ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይገቡ ነበር። ሰፈር ውስጥ የኢምፔሪያሊስት ዘፈን መዝፈን ምን እንደሚያስከትል ማንም አያጣውም። እኔ መንገድ እጠብቅላቸዋለሁ። የረገፈው ቅጠል ሽታ፣ በግንዶቹ መሃል የምትሾልከው የአሥር ሰዓት ፀሐይ አሁንም ትዝ ይሉኛል። ጭራሮ በተሰበረ ቁጥር ዘወር እላለሁ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች እንኳ እጠረጥር ነበር።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። የወንድሜ ዕድሜ ደርሷል። እናታችን ሽሮ ሜዳ ነጠላ ትሸጥ ስለነበር ወሬ ቀድሞ ይደርሳታል፤ የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ የገባ ልጅ አይነካም አሏት።

«ዝፈንላቸው» አለችው።

«እማዬ፣ የእነሱን ዘፈን አልችልም።»

«የምትችለውን በእነሱ ቃል ዝፈነዋ።»

ይኸውልሽ ጉዱ። ያ የሚያለቅስ ዘፈን ከበሮና አኮርዲዮን ተጨመረለት፣ ፈጠነ፣ ስለ ምርትና ስለ እናት አገር የሚል ግጥም ለበሰ። «ዱ ዋ» በነበረበት ቦታ «ወደ ፊት» ገባ።

የፈተናው ቀን ወንድሜና ጓደኞቹ በቀበሌው አዳራሽ ሲዘፍኑ ከእናቴ አጠገብ ቆምኩ። ወለሉ የተወለወለበት ናፍጣ ይሸታል። ከበላይ የመጣ ካድሬ ፊት ለፊት ተቀምጦ በእግሩ ምቱን እየተከተለ ነበር። ሁለተኛው አዝማች ላይ እግሩ ቀጥ አለ። እናቴ እጄን ስትጨብጠኝ ቀለበቷ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ዘፈኑ አለቀ፣ የሚያጨበጭብ ጠፋ።

«ዜማውን ከየት አመጣኸው?» አለ ካድሬው።

«የሕዝብ ነው፣ ጓድ» አለ ወንድሜ።

ካድሬው መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበ። ዛሬ ሳስበው እሱም በወጣትነቱ የጨፈረበት ዘፈን ይመስለኛል።

«ሕዝቡ ጥሩ ጆሮ አለው» አለና የአራቱንም ስም መዘገበ።

እናቴ እስከ ቤታችን ድረስ ብቻዋን እየሳቀች ሄደች። እኔም ምልመላው ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ። በዓመቱ ግን ያው የኪነት ቡድን ሠራዊቱን እንዲያዝናና ወደ ሰሜን ግንባር ተላከ። ከአራቱ ሦስቱ ተመለሱ። ወንድሜ አልተመለሰም።

ዘፈኑ ግን አልተወንም። አንዴ ሆቴል ውስጥ በኦርጋን፣ አንዴ በሳክስፎን ያለ ቃል፣ አንዴ ልጆች በሚጨፍሩበት ፈጣን ምት፣ ልብስ እየለወጠ ይመጣብናል። እናቴ ፈረንጅኛ አታውቅም፤ ዜማውን ግን ገና ከመነሻው ትለየዋለች፣ ፊቷም ይለወጣል።

አንድ የጎረቤት ሰርግ ላይ ሙዚቀኞቹ ትዝታ አስመስለው ሲጫወቱት፣ ከተመለሱት ጓደኞቹ አንዱ መጥቶ ጉልበቷን ሳመ። ራሱ ተመልጧል።

«ልጄ እዚያ ግንባር ሲዘፍን ይፈራ ነበር?» አለችው። ሌላ ምንም አልጠየቀችውም።

«ኧረ እማማ፣ እሱ ፍርሃት የት ያውቅና!»

መረቀችው። ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዛ ዳገቱን በዝግታ ወጣች፤ መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ደግ ልጅ ነው፣ ዋሸኝ» አለች። «የኔ ልጅ ፈሪ ነበር። እየፈራ ነው የዘፈነልኝ።»